ከአልጋው በፊት ውኃው

አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ያደገ ሰው ስለ ገደል ምክር አይሻም፤ ጭጋግ ሲወርድ እግሩ ራሱ ይቆማል። ይኸው ሰው ለጫጉላ ዛንዚባር ሲሄድ ግን ጥንቃቄውን ደጋ ላይ ጥሎ ነው። የሚጠይቀው ስለ አልጋው፣ ስለ ቁርሱ! ውኃውስ? ፓጄን በመሰለው የምሥራቅ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ርቆ ይሸሻል፤ ለዋና የሄደው አሸዋ ላይ ይቀራል። ሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊ፣ ብዙም አይርቅም። ይህን ሳይጠይቁ ገንዘብ መክፈል ምን ይሉታል?

"ፈሪ እንዳልባል" ነው መልሱ። እኔም ላንጋኖ ላይ አፍሬ ላይፍ ጃኬቱን ትቼ ገባሁ። እግሬ መሬት ሲያጣ በመቅዘፊያው ጎትቶ ያወጣኝ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር። ዋና የሚችልም ቢሆን፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ከያዘው አይታገለው፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝና ይውጣ።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የሆቴሉን ፎቶ አሳየኝ። "ባሕሩ የሚሸሸው ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ሳቀብኝ።