ቶርኖ የማያውቅ ዲግሪ ማን ፈረመበት?

ጎበዝ! ተማሪው ተፈተነ፤ ወደቀ፤ ተሰደበ። እሺ፣ ፈታኙንስ ማን ይፈትነው?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ከመቶው 40 ያህሉ ብቻ አለፉ ተባልን። ከዚያ ቀደም ብሎ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ ተነግሮን ነበር። ባለሥልጣናቱም በቴሌቪዥን እየቀረቡ የትምህርቱን መርዶ አረዱን። አረዳዳቸው እኮ ነው የሚገርመው! ውድቀቱ እንደ አንበጣ መንጋ ከባሕር ማዶ በርሮ የመጣ እንጂ በደብዳቤ፣ በማኅተምና በፊርማ የተሠራ አይመስልም።

የሌላውን ትምህርት ለባለቤቱ ልተወውና ስለማውቀው ልናገር። እኔ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የተመረቅሁ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት እንጀራዬን የማገኝ ሰው ነኝ። በየዓመቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ለሥራ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን እቀበላለሁ። ስለዚህ ወሬ አልቀዳም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት የተሰበረ ዘንግ መጣ። እናውቀዋለን፤ ከዚያ በፊትም ሁለቴ እኛው ዘንድ ተሠርቶ ሄዷል። የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ወፍራሙ ክፍል ቀጥኖ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ጋ ሲደርስ፣ ልክ ከማዕዘኑ ላይ ቀጭ ይላል። ዕድሜያቸውን ቶርኖ ላይ የፈጁት ሽማግሌ ባለሙያችን "ብረቱ ነው፤ የድሮ ብረት የለም" ይላሉ። አጠገባቸው የመጨረሻ ዓመት የመካኒካል ተማሪ ቆማለች። ይቺ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ተፈትና ኤ ያገኘች ናት። ማዕዘኑ ስል ሆኖ ሲቆረጥ ጭነቱ እዚያች ቦታ ላይ እንደሚከማች፣ ዘንጉ በዞረ ቁጥር እየታጠፈና እየተቃና ስንጥቅ እንደሚጀምረው፣ መድኃኒቱም ማዕዘኑን ክብ አድርጎ መቁረጥ እንደሆነ በቀመር ጽፋ አልፋለች። ጀርመናዊው ቮለር ይህን ነገር ያጠናው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ የባቡር አክስሎች ከባድ ጭነት ሳይኖርባቸው እየተሰበሩ ሲያስቸግሩ ነው። ልጅቷ የቮለርን ስም ታውቃለች። የተሰበረውን ዘንግ ግን አይታ ዝም አለች።

"ምን ይመስልሻል?" አልኳት።

"እንጃ ጋሼ፤ እኛ ዲዛይን እንጂ ጥገና አልተማርንም።"

ካሊፐር ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና "በሥዕል ነው የማውቀው" አለችኝ። ይህን የምትለው እንግዲህ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት የ40 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከልኩ በአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ቢያልፍ ጣጣ በሚያመጣበት ሙያ ልትመረቅ ጥቂት ወራት የቀሯት ልጅ ናት። አልተናደድኩባትም። ወረቀት አምጥቼ ዘንጉን ሣልኩላት፤ ልኩን ጻፍኩበት። ያኔ ፊቷ በራ። "ይሄማ ፊሌት ነው! ራዲየስ የለውማ!" ብላ ጮኸች። ወዲያው ቁጭ ብላ አሰላችው። ሽማግሌውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ታዲያ ቀድመሽ አትይም ነበር ልጄ?" አሏትና ማዕዘኑን ክብ አድርገው ቆረጡት። ያ ዘንግ እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም።

ወገኖቼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ደንቆሮ አልነበረም። አንዱ ዕውቀት በሽማግሌው እጅ፣ ሌላው በልጅቷ ጭንቅላት ነበረ። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱን እንዳይገናኙ ያደረገው ማን ነው? ጥያቄዬ ይኼ ነው።

መልሱ ሩቅ አይደለም። 70 በ30 የሚባለውን መፈክር ታስታውሱታላችሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይበቃዋል ተብሎ ከላይ ተወሰነ። ቁጥሩ ወረደ፤ ተማሪው በአውቶቡስ ተጫነ፤ የሕንፃው ቀለም ሳይደርቅ በሩ ላይ "መካኒካል ኢንጂነሪንግ" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳ መስቀል ምን ችግር አለው? ቶርኖ ግን በሰሌዳ አይተካም። ቶርኖ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መሠረት ይፈልጋል፤ መብራት ይፈልጋል፤ መቁረጫው ያልቃል፤ የሚያሠራው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። እኔ በተማርኩበት፣ ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ከነበሩት አራት ቶርኖዎች የሚዞረው አንዱ ብቻ ነበር። በአንዱ ዙሪያ ሃያ ተማሪ ቆመን የፊተኛውን ሰው ጀርባ ስናይ እንውላለን። የኋላው ተሰላፊ ብረት ሲቆረጥ ድምፁን ሰምቷል፤ ይህም እንደ ትምህርት ተቆጥሮለታል።

"ቶርኖ መሥራት የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ ሥራ ነው፤ መሐንዲስ በአእምሮው ነው የሚሠራው" የሚል ሊቅ አይጠፋም። ይህን አባባል በስብሰባ ላይ ከረባት ካሰሩ ሰዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ለእነሱ ያለኝ መልስ አጭር ነው። ልምምድ ከመጡት ልጆች አንዱ በኮምፒዩተር ያማረ ክፍል ነድፎ አመጣልኝ፤ ብረቱ ውስጥ የሚቦረቦረው ጉድጓድ አራቱም ማዕዘን እንደ ሳጥን ስል ነው። ኮምፒዩተሩ እሺ ብሎ ሥሎለታል። ፍሬዛው ግን መቁረጫው ክብ ነው! ክብ ነገር እየዞረ ስል የውስጥ ማዕዘን አያወጣም። መሐንዲስ ቶርኒተር ይሁን ያለ የለም፤ የማይቆረጥ ነገር እንዳይነድፍ ግን አቆራረጡን ይወቅ።

እዚህ ላይ ሜቴክን ሳላነሳ ባልፍ ሆዴ አይችልልኝም። በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም ያገሬ መካኒካል መሐንዲስ ሥራና ክብር አገኘ ተብሎ ስንት ተጨበጨበ! የስኳር ፋብሪካዎች ተሰጡት፤ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተሰጠው፤ የዓባይ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ሳይቀር ተሰጠው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የግድቡ ሥራ ከእጁ እንደሚወጣ ተናገሩ፤ ኅዳር 2011 ዓ.ም. ላይ አለቆቹ ታሰሩ። የገንዘቡን ነገር ለፍርድ ቤት እንተወው። የምህንድስናው ነገርስ? ምኑ አልገጥም አለ? ልኩ የት ተሳተ? ማን ፈተሸው? ለመካኒካል ተማሪ ከዚህ የበለጠ መማሪያ መጽሐፍ የት ይገኛል? እኛ ሥራ ቤት ከመጡት ልጆች ግን ይህን በክፍል ውስጥ ተነጋግረንበታል ያለኝ አንድም የለም። ጠይቄያቸዋለሁ እኮ! አንዱ እንዲያውም ሳቀና "ጋሼ፣ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም" አለኝ። የተርባይን ነገር ፖለቲካ ሆነ ማለት ነው።

የሥራ ልምምዱም ያው ነው። ተማሪው ወራት ይቀመጣል፤ ከሚልከው ዩኒቨርሲቲ መጥቶ የሚያይ መምህር አለ ይባላል፤ እኔ በአካል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ሌላው ስልክ ደወለና "ፎርሙን ብቻ ሞልታችሁ ላኩልን፤ ልጆቹን እንዳትጎዷቸው" አለኝ። መምህሩን ብቻ መውቀስም አይሆንልኝም፤ በዚያ ደመወዝ በራሱ ኪስ ተሳፍሮ ይምጣ?

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው እንግዲህ ፈተናው የመጣው። በኮምፒዩተር፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ! ንድፍ አያስነድፍም፤ የተሰበረ ነገር አያሳይም፤ ካሊፐር አያስይዝም። ያ ስል ማዕዘን የነደፈው ልጅ በዚህ ፈተና ማለፍ ይችላል። ያቺ ዘንጉን ያዳነች ልጅ ደግሞ በሁለት ነጥብ ወድቃ፣ ቤተሰቧ በግ ሸጦ ያስተማራት ልጅ፣ ዲግሪዋን ተነፍጋ እንደገና ለመፈተን ቤቷ ትቀመጣለች። የትምህርት ክፍሉ ግን ያለ ቶርኖ በመስከረም አዲስ ተማሪ ይቀበላል! እሱ ድጋሚ ፈተና የለበትም።

ፈተና አይኑር አላልኩም። ይኑር። ግን የተማሪው ውጤት ይፋ በሚወጣበት ቀን የእያንዳንዱም ዩኒቨርሲቲ ውጤት ጎን ለጎን ይውጣ። ስንት መካኒካል ተማሪ አለህ? ስንት የሚዞር ቶርኖ፣ ስንት ፍሬዛ አለህ? አንድ ተማሪ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት ማሽን ላይ ቆመ? ሞተር የሚፈታበት ክፍልህ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏልና፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ፈትተህ የምታሳየው አለህ ወይ? ይህን ለመመለስ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ጥናትም አያስፈልግም። አንድ ሰው ወርክሾፑን ከፍቶ ይቁጠርና ቁጥሩን በር ላይ ይለጥፈው። ከሥሩም ክፍሉ ይከፈት ብሎ የፈረመው ባለሥልጣን ስም ይጻፍ።