ሂስ ሌላ፣ ሐሜት ሌላ፦ ስለ ፀዳ ሽሮ ቤቶች



ይህችን አጭር አስተያየት እንድጽፍ ያነሳሳኝ ማታ ማታ ከጥናት በኋላ በየመኝታ ክፍሉ የማይቀረው የምግብ ቤት ወሬ ነው። የኳሱ ወሬ ቢቀር የሽሮ ቤቱ አይቀርም። የማን ሽሮ ይጥማል? የማን እንጀራ ዓይን አለው? የማን ፓስታ ተቀቅሎ ገንፎ ሆነ? ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር በተደረደሩት የፀዳ ምግብ ቤቶች በቀን ሁለት ጊዜ የሚበላ ሰው ስለሚበላው ነገር ዝም ቢል ነበር የሚገርመው።

ነገር ግን ወሬውን ለጥቂት ሳምንታት ልብ ብዬ ሳዳምጠው ፍርዱ ሁሉ ከሦስት ቃላት አላለፈም፤ «ይጥማል»፣ «አይረባም»፣ «ጓያ ነው»። የመጀመሪያው ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ማንንም አይጠቅምም፤ ምኑ እንደማይረባ አልተነገረማ! ሦስተኛው ግን ቤት ያዘጋል። ስለ ምግብ ቤት አስተያየት መስጠት መብታችን ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ምክንያት የሌለው፣ ከባለቤቷም ጆሮ የማይደርስ አስተያየት ሐሜት እንጂ ሂስ ሊባል አይችልም።

በመሠረቱ ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብን ማሰብ ይገባል። በአገራችን ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። የዘር ሐረጋቸው ከስሜን የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያስከፍቱ፣ መኳንንቱ ከቤት ውጭ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ቆጥረው ስለሸሹት፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተውና ሒሳብ ከፍለው አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። እስከዚያ ድረስ ሰው ከቤቱ ውጭ የሚያውቀው ማዕድ በአመዛኙ የእንግድነት ማዕድ ነበር። እንግዳ ደግሞ ወጡ ጨው ቢበዛበትም «እጅሽን ይባርከው» ብሎ ይነሳል እንጂ «ጨው በዝቷል» አይልም። ይህ መልካም ጨዋነት ነው። ችግሩ ከፍለን በምንበላበት ቤትም ያንኑ ጨዋነት ይዘን መግባታችን ላይ ነው። ፊት ለፊት «ይጥማል፣ እግዜር ይስጥልኝ» እንልና በሩን አልፈን ሳንርቅ የቀረውን ለጓደኛ እናራግፈዋለን። እንደ እንግዳ ዝም አንል፣ እንደ ደንበኛ ደፍረን አንናገር!

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሽሮ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ባዶውን ሰነበተ። ምነው ቢባል «ሽሮው ጓያ ነው አሉ» ተባለ። ማን አለ? «አሉ» ነዋ! እኔም ሽሮውን በልቼዋለሁ፤ እውነት ነው፣ መረር ይላል፣ መልኩም ጠቆር ያለ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «እትዬ፣ ይህ ሽሮ ከምን ከምን ነው የተፈጨው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ጓዳ ገብተው ለሚቀጥለው ወፍጮ የለቀሙትን እህል በሰፌድ አምጥተው አሳዩኝ፤ ሽምብራ፣ አተር፣ ጥቂት ባቄላ። «ያሁኑ ስቆላው አረረብኝ። ታዲያ ልጄ፣ መውቀስ እያለ ለምን ትሸሹኛላችሁ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ወፍጮ መራራነቱ ጠፋ። የሸሸው ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለዚህ ነው።

ጓያ ለዚህ አገር ሰው የቀልድ ቃል አይደለም። ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል፣ ሌላው አዝመራ ሲከዳ የድሃ ገበሬ መጠጊያ እሱ ነው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ በቅርባችን በደምቢያ አካባቢ ብዙ ሰዎች በጓያ ምክንያት እግራቸው ሽባ ሆኗል። መንስዔው በፍሬው ውስጥ የሚገኝ፣ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ሲሆን ሳይንቲስቶች «ኦዳፕ» ይሉታል። ጓያን ዋነኛ ምግቡ አድርጎ ለሳምንታትና ለወራት የበላ ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ወንድ፣ እግሩ ይተሳሰራል፤ አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በየገጠሩ «እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው»፣ «ገለባው ላይ መተኛት ነው» ሲባል ሰምተናል። ጥናቶች የሚያረጋግጡት ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከመብላቱ መሆኑን ነው። እነዚሁ ጥናቶች ይበልጥ አደገኛ ሆነው ያገኟቸው እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ሲሆን፣ በወጥ መልክ ወይም ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ሲበላ አደጋው ይቀንሳል።

ይህን ስል ጓያ ምንም አይልም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጓያ ርካሽ እህል ስለሆነ የሽሮ ዱቄት ውስጥ ሊገባ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ሽሮ የሚበላ ሰልጣኝም «ከምን ተፈጨ?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። የጓያ ፍሬ ሳይከካ ጠርዝ ጠርዝ ያለው ስለሆነ፣ ከሽምብራና ከአተር ለመለየት የገበሬ ልጅ መሆን ይበቃል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የገበሬ ልጅ ሞልቷል። የሚያሳዝነው ይህን የሚያህል ከባድ ቃል እንደ ስድብ ከተወራወርንበት፣ አንድ ቀን እውነተኛው ጓያ ሲመጣ የሚያምነን ሰው አለመኖሩ ነው።

ታዲያ እንዴት እንናገር? በበኩሌ መመዘኛ ይሆናሉ የምላቸውን ላቅርብ።

በመጀመሪያ ንጽሕና ነው። ውሃው ይቀዳል ወይ? ሳሙና አለ ወይ? ሳህኑ በምን ውሃ ታጠበ? ታይፎይድና ተቅማጥ በእጅና በውሃ እንደሚመጡ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረናል፤ ለልጆችም ልናስተምር ነው። በማታው ወሬ ግን አንድም ቀን ስለ ሳሙና ሲነሳ አልሰማሁም። በጣዕም ብንለያይም በዚህ የምንለያይበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ሽሮው ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ ዱቄቱ ከተጨመረ ወይም ከተጨመረ በኋላ በቂ ጊዜ ካልተንተከተከ፣ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሆድም ይነፋል። እንግዲያው «አይረባም» ከማለት «አልበሰለም፣ ትንሽ ይንተክተክ» ማለት ይሻላል፤ ሠሪዋ ምን ማስተካከል እንዳለባት ታውቃለች። በምሳ ሰዓት ሁላችንም በአንድ ጊዜ ገብተን «ቶሎ በይ እንጂ!» እያልን የምናጣድፈው እኛው መሆናችንም አይዘንጋ።

ሦስተኛ፣ እንጀራው ነው። ብዙዎቻችን የምንመዝነው በንጣቱ ነው። ንጣት ግን ከፎገራ ሜዳ በሚመጣው ሩዝም ይገኛል፤ ሩዝ የበዛበት እንጀራ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲቆርሱትም ይሰባበራል። በአንጻሩ ዳጉሳ የተደባለቀበት እንጀራ ስለጠቆረ ብቻ ይናቃል። ዳጉሳ ለአጥንት የሚበጀውን ካልሲየም በመያዝ ጤፍን ጨምሮ ከብዙዎቹ እህሎች አያንስም። መደባለቁ ጥፋት የለውም። ጥፋት የሚሆነው ድብልቁን በንጹሕ ጤፍ ስምና ዋጋ መሸጥ ነው። ቅር የሚለን ነገር ካለ በዚህ ላይ ይሁን።

ፓስታን በተመለከተ እንኳ ብዙ አልልም። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ፓስታው ግን አብሮት አልሄደም፤ እኛም በበርበሬ ስጎ ሠርተን በእንጀራ ጠቅልለን እየበላነው ነው። የሽሮ ቤት ፓስታ የራሱ መዓርግ ያለው ምግብ ነውና፣ በፊልም ከታየ ፓስታ ጋር እያወዳደረ የሚያጣጥለው ጓደኛችን ቢያርፍ ጥሩ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የማይወራ ጉዳይ አለ፤ ዱቤ። ብዙዎቹ ሽሮ ቤቶች ስማችንን በደብተር ጽፈው ገንዘብ እስኪመጣልን ድረስ ያበሉናል። ዘይቱን፣ ከሰሉንና ጤፉን ግን ነጋዴው በዱቤ አይሰጣቸውም። እንግዲህ ወሩ ሲያልቅ ዱቤ የከበደበት ሰው ያንን ቤት ይሸሻል፤ ለምን ሸሸህ ሲባል «ሽሮው ተበላሸ» ይላል። ደብተሩ በሞላ ቁጥር ሽሮው እየመረረ የሚሄድበት ምላስ አለ ማለት ነው! ስለ አንድ ቤት ክፉ ከመናገራችን በፊት ያለብንን ዕዳ ብንከፍል ምስክርነታችን ይታመናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ገንዘቤን ከፍዬ የተሰማኝን ብናገር ምን አገባህ?» ይሉኛል። ተናገሩ ነው የምለው። ለሚያስተካክለው ሰው ተናገሩ። ሌሎች ደግሞ «ፊት ለፊት ብንናገር በሌላ ቀን ትበቀለናለች፣ ጉርድ እንጀራ ትሰጠናለች» ይላሉ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ሂስ የሚከብዳት ባለቤት ትኖራለች። ነገር ግን ሰው ባለበት ጮክ ብሎ «ይሄ ምንድነው!» ማለትና ሒሳብ ሲከፍሉ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ የዛሬው ጨው ትንሽ በዝቶበታል» ማለት እኩል አይደሉም። ተነግሯት ካላስተካከለች፣ ያኔ ቤት መለወጥም ለጓደኛ መንገርም ተገቢ ነው። ያን ጊዜ የምንናገረው ምክንያት ያለው ነገር ነውና።

ሽሮ ቤት ሲዘጋ የምናጣው አንድ ድስት ሽሮ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላበት ልብ ይበል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ለእሱ ሽሮ ቤት ዋና ማዕዱ ነው። በፍስኩም ቀን ቢሆን ሥጋ ቤቱ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ይለያያል። በዘይት የተሠራው ሽሮ ግን ከወገራ የመጣውንም፣ ከደምቢያ የመጣውንም፣ መስጊድ የሚሄደውንም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለውን ማዕድ «አሉ» በሚል ወሬ ማፍረስ ከባድ ጥፋት ነው።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ከማዕድም ያልፋል። ነገ በቀይ እስክሪብቶ የምናርም ሰዎች ነን። መምህራኖቻችን ከማረም በፊት መመዘኛ አውጡ፣ ስሕተቱን ለተማሪው አሳዩት እያሉ ያስተምሩናል። በሽሮ ላይ ምክንያት ሳንሰጥ «አይረባም» ማለት የለመደ አፍ፣ በልጅ ደብተር ላይም «ደካማ ነው» ብሎ ለማለፍ አይቸግረውም። ያ ልጅ ምኑ ላይ እንደደከመ ሳያውቅ ዓመቱ ያልቃል። በክፍል ጓደኞቹ ፊት «ደካማ» የተባለ ልጅ ደግሞ እንደዚያች ሽሮ ቤት ነው፤ ቢያሻሽልም ስሙ ቶሎ አይመለስለትም።

ስለዚህ ለጋዜጣችን አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚሁ ሰሌዳ ጥግ ላይ «የማዕድ ሂስ» የምትባል ትንሽ ዓምድ ትከፈት። የሚጽፍባት ሰው የትኛው ምግብ ምን እንደጎደለው ወይም ምኑ እንዳማረ ከነምክንያቱ ያስረዳ፤ ነቀፌታ ከሆነ መጀመሪያ ለባለቤቷ ይንገር፤ የእርሷም መልስ ከጎኑ ይለጠፍ፤ የጸሐፊው ስም በአዘጋጆቹ ዘንድ ይታወቅ። ምስጋናም አይረሳ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ምጣድ የምታሰማ ሴት፣ እንጀራዋ ሲያምር «አምሯል» መባል ይገባታል።

በዚህ የማይስማማ ወይም የተሻለ መመዘኛ ያለው ካለ ጽፎ ከጎን ባለው ባዶ ቦታ ይለጥፍ፤ እኔም አነባለሁ። እስከዚያው ድረስ፣ ዛሬ ምሳ ስንበላ ምላሳችን ላይ የመጣውን ነገር ሒሳብ ስንከፍል እንናገረው።

ከሰልጣኞች አንዱ