የቡናው ገንዘብና የተማሪው መጽሐፍ



በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በጌራ የቡና ለቀማ ሲደርስ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ በእሸት ቡናው ላይ ይንጠለጠላል። ዕዳ የሚከፈለው፣ ልብስ የሚገዛው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጅ ገንዘብ የሚላከው ከዚያው ነው። ልጁ «የመጽሐፍ መግዣ አጣሁ» ብሎ ሲደውል ወላጅ ይጨነቃል። ከውጭ የሚመጣው የሕክምና መጽሐፍ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ተማሪው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተባዛውን ከጓደኛው ይገለብጣል። ይህ ደግሞ የሰው ሐቅ ነው።

ለመሆኑ ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈቅደው በነፃ የሰጧቸው መጻሕፍት እንዳሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዳንዶቹንማ የጻፉት የጅማ መምህራን ናቸው! መንግሥትና የካርተር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመሩት የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ፕሮግራም የጅማን፣ የጎንደርን፣ የአለማያንና የሌሎች ተቋማትን መምህራን አስተባብሮ ከ200 በላይ ሞጁሎችና የትምህርት ጽሑፎች አዘጋጅቷል። ጽሑፎቹ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሚታዩትን እንደ ወባና የሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች ይዘው ያስተምራሉ፤ በማዕከሉ ድረ ገጽም በነፃ ተለቀዋል።

ሌላ ትምህርት ለሚማሩ ደግሞ የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «ኦፕንስታክስ» በሚል ስም የፊዚክስ፣ የባዮሎጂ፣ የስታቲስቲክስና የኢኮኖሚክስ መጻሕፍትን ያለ ክፍያ ያቀርባል። እነዚህን ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት የተፈቀደ ነው።

ሆኖም ነፃ የሆነ ሁሉ አዲስ አይደለም። ለምሳሌ የአገራችን የወባ ሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ዋናውን መድኃኒት ቀይሯል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ማስታወሻ አሮጌውን መድኃኒት ሊያስተምር ይችላል። ስለሆነም ተማሪዎች ሆይ፣ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ፤ መምህራችሁንም ጠይቁ።

ኔትወርክ ባለበት በግቢው ውስጥ ሳላችሁ መጻሕፍቱን በስልክ ወይም በፍላሽ ጫኑ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመለሱ ያለ ኔትወርክ ታነቧቸዋላችሁ። ዓይን የሚያደክመውን ምዕራፍ ብቻ አሳትሙ፤ ሙሉውን ማሳተም ገንዘብ ማባከን ነው። ለታናናሾቻችሁም አካፍሉ።

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲያመሽ ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን እያነበብክ ነው ልጄ?» በሉት። መጽሐፉን ያሳያችሁ። ምናልባት የዘንድሮው የቡና ገንዘብ ለእህቱ መመዝገቢያ ይተርፍ ይሆናል።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሳቸው። አሚን።