ርቀት ብቻውን አይከሰስ
የገመድ አልባ መረብ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ ርቀት ሰበብ ይደረጋል። በእርግጥ በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን፣ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሆኖም ክላውድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የመተላለፊያውን አቅም የሚወስኑት የፍሪኩዌንሲው ስፋትና የሲግናሉ ኃይል ከጫጫታው ጋር ያለው ንጽጽር ናቸው፤ ጣልቃ ገብ ሲግናልም ይህን ንጽጽር ያዳክማል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በተለመደው አሠራር የማይደራረቡት ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ያለ ዕቅድ ማሠራጫዎችን መደርደርና ኃይላቸውን ማሳደግ ችግሩን ያባብሳል፤ በአንድ ቻናል ላይ የሚሠሩ መሣሪያዎች ተራ ይጠባበቃሉና። በእኔ እምነት፣ ርቀትን ለክቶ የቻናሉን መጨናነቅ ያልመዘገበ የመመረቂያ ጥናት ድምዳሜው ጎዶሎ ነው፤ በእርሱ የሚመራ ተቋምም ገንዘቡን ያለ ፍሬ ያወጣል።