የትምህርት ድጋፉ ተማሪውን ይከተል!



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተገለጸ። በዚያው ወር ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት አቋርጠው ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። ወረርሽኙን ለመግታት የተወሰደውን እርምጃ አንቃወምም። ጥያቄያችን፣ የግቢው በር ሲዘጋ ለተማሪው ይደረግ የነበረው ድጋፍ የት ገባ? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያገኘው ድጋፍ በአብዛኛው አልጋ፣ ምግብና ክሊኒክ ነው። ሁሉም ያለው ግቢ ውስጥ በመሆኑ ተማሪው ሲወጣ ድጋፉ እዚያው ይቀራል። በቀን ሥራና በጉልት ንግድ የሚተዳደር ቤተሰብ፣ ገቢው በተመታበት ሰዓት ልጁን የመቀለብ ሸክም ብቻውን ተሸከመ።

ይህ ድጋፍ ደግሞ ችሮታ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 የተጀመረው የወጪ መጋራት፣ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪውም ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ እንዲከፍል የሚያስገድድ ነው። የቀን የምግብ በጀቱ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉ ተገቢ ቢሆንም፣ ዕዳውንም አብሮ ያሳድጋል። ዕዳውን ያልከፈለ ተመራቂ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት ይቸገራል፤ ያለ ዲግሪው ደግሞ ሥራ ማግኘት ይከብደዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሌሎች አገሮች አሳይተዋል። ደቡብ አፍሪካ በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎቿን ስትዘጋ ለድሃ ተማሪዎች የምትከፍለውን የኑሮ ድጎማ አላቋረጠችም። አሜሪካም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፌዴራል የተማሪዎች ብድር ክፍያን አግዳ፣ ወለዱን ዜሮ አድርጋ ከሦስት ዓመት በላይ አቆይታለች።

ስለሆነም ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን በሕግ ይደነግጋል፦

1. ዩኒቨርሲቲዎች በጤና ምክንያት ሲዘጉ የተማሪው የምግብ ገንዘብ ባለበት ቦታ ይላክለታል፤ በዕዳነትም አይመዘገብበትም።

2. ላልተሰጠ አገልግሎት ተማሪው አይጠየቅም። የተቋረጠ ሴሚስተር ሲደገም ሁለተኛ ዕዳ አይሆንም።

3. በወረርሽኝ ሳቢያ ሥራ ያጣ ወይም ሥራ ያላገኘ ተመራቂ ክፍያው ይራዘምለታል፤ ዲግሪውም አይያዝበትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለሚሉ ወገኖች መልሳችን ግልጽ ነው። የምግቡ በጀት ቀድሞውንም ተይዟል፤ የሚለወጠው መድረሻው ነው። ከግቢ ውጭ ለሚመገቡ ተማሪዎች በገንዘብ የመክፈል አሠራር አለ። ዛሬ ደግሞ በባንክና በቴሌብር ገንዘብ ማድረስ አያዳግትም። በዕዳነት የማይመዘገበውንና የሚራዘመውን ክፍያ ግን መንግሥት ሊሸከመው ይገባል፤ በችግር ጊዜ ሸክም መካፈል የመንግሥት ግዴታ ነውና።

ወረርሽኝ ቀጠሮ አይሰጥም። ሕጉ ግን አስቀድሞ ሊጠብቀው ይችላል። ልጆቻችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ እጃቸውን እንዳይሸኙ ድምፃችሁን ለፓርቲያችን ስጡ!