አቼቶ ለቤት ጽዳት፦ የቱ ጋ? እንዴት?

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 22፥8፤ ምሳሌ 10፥26፤ ምሳሌ 25፥20፤ ኤፌሶን 5፥28-29

በዚህ እትም ዓምዳችን ወደ ጓዳችሁ ይዘልቃል። ለሰላጣ የተገዛው አቼቶ ቤትም እንደሚያጸዳ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በተለይ ከፖም የሚሠራው «ተፈጥሯዊ ነው፤ ለሁሉም ነገር ይሆናል» እየተባለ ስሙ ገንኗል። እውነቱን ከወሬው ለይተን ብናውቅ ኪሳችንም ጤናችንም ይጠበቃል።

አቼቶ ምንድን ነው?

መጽሐፍ ቅዱሳችን ሆምጣጤ የሚለው ይኸው ነው። ቦዔዝ ሩትን በምሳ ሰዓት እንድታጠቅስበት የጋበዛት እርሱን ነው (ሩት 2፥14)። የፖም ጭማቂ ሲብላላ ስኳሩ መጀመሪያ ወደ አልኮል፣ ከዚያም በባክቴሪያዎች ሥራ ወደ አሴቲክ አሲድ ይለወጣል። ለምግብ የሚሸጠው አቼቶ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ያህል አሲድ ሲኖረው የቀረው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። የሚያጸዳውም ይህ አሲድ ነው።

ስለዚህ ለጽዳት ብላችሁ የፖሙን አቼቶ ፍለጋ አትድከሙ። ተራው ነጭ አቼቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። እንዲያውም የፖሙ ቀለም ስላለው በነጭ ጨርቅ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ጌታ በእጃችን ያኖረውን ገንዘብ በአግባቡ መያዝ ከእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ይጀምራል።

የሚጠቅምበት

ማንቆርቆሪያ፦ ውሃ ደጋግሞ ሲፈላ ውስጡን የሚይዘው ነጭ ቅርፊት በአሲድ ይሟሟል። ማንቆርቆሪያው ስቴንለስ ከሆነ አቼቶና ውሃ እኩል ጨምራችሁ አፍሉ፤ ከእሳት አውርዳችሁ 30 ደቂቃ ተዉትና ድፉት። ከዚያ 2 ጊዜ በንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ።

ሻወር፦ ቀዳዳው ከተደፈነ አቼቶ በፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ ራሱ ላይ እሰሩት፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ፍቃችሁ እጠቡት።

መስኮትና መስታወት፦ 1 ስኒ አቼቶ በ4 ስኒ ውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉ።

የዓሣ ሽታ፦ ሽታው የያዘውን መክተፊያ በአቼቶ አሹት፤ አሲዱ የሽታውን ምንጭ ያከሽፈዋል።

የማይሆንበት

ጠቢቡ ሆምጣጤ ለጥርስ እንደማይበጅ በምሳሌ 10፥26 አስቀድሞ ነግሮናል። ጥርስን የሚጎዳ አሲድ እብነ በረድንና የሲሚንቶ ንጣፍንም ይበላል፤ የአሉሚኒየም ድስትንም ሊጎዳ ይችላል። የወጥ ቅባትን የሚያስለቅቀው ደግሞ ሳሙና እንጂ አቼቶ አይደለም። ጥሬ ዶሮ የተከተፈበትን ሰሌዳ ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው የተጠቀመበትን መጸዳጃ በአቼቶ ብቻ አጽድታችሁ አትመኑ። ተዋስያንን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም።

«ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቢቀላቀልስ?» የሚሉ አሉ። አረፋው ያምራል፤ ነገር ግን አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ይጠፋፉና የሚተርፈው ከጨዋማ ውሃ ብዙም አይሻልም። የምሳሌ 25፥20 የዕብራይስጥ ጽሑፍ ላዘነ ልብ መዘመርን ሆምጣጤ በሶዳ ላይ ከማፍሰስ ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱም በየራሳቸው መልካም ናቸው፤ ያለ ቦታቸው ሲገናኙ ግን ይበላሻሉ። ባለቤቱ ስታለቅስ ቀልድ የሚጀምር ባል ይህን ልብ ይበል።

ከበረኪና ጋር በፍጹም!

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ አቼቶና በረኪና በምንም መንገድ አይቀላቀሉ። «ሁለቱም ያጸዳሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አሲዱ ግን ከበረኪናው ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በቤልጂየም ኢፕር አጠገብ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነበር። በቤት የሚፈጠረው መጠን ያነሰ ቢሆንም፣ መስኮት በሌለው ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ያፍናል። አስም ላለበት ሰው ለሕይወትም ያሰጋል። ሎሚም አሲድ ስለሆነ ያው ነው። አንዱን ተጠቅማችሁ በብዙ ውሃ ሳታጥቡ ሌላውን አታስከትሉ።

በስህተት ከተቀላቀለ ሥራውን ጥላችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፤ በሩን ክፍት ተዉት፤ ለማጽዳት አትመለሱ። ሳሉ ወይም የትንፋሽ እጥረቱ ካልተወ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የቤታችን መከታ

በዘዳግም 22፥8 እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዝዟል። ሰው ወድቆ ቢሞት የሚጠየቀው ባለ ቤቱ ነው። በእኛ ጣራ ላይ ማንም አይወጣ ይሆናል። በር ዘግታ መጸዳጃ ቤቱን የምታጥበው ግን ማን ናት? ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ ወይም የቤት ሠራተኛችን። ይህች ልጅ ምናልባት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም። እኛ ካልነገርናት ከየት ታውቃለች? እርሷም ክርስቶስ የሞተላት ነፍስ ናት። ለቤት መሠዊያ ጠርተናት አብረን እየጸለይን፣ ሳንባዋን ለሚያቃጥል ነገር ሳናስጠነቅቃት ብንቀር ፍቅራችን የቱ ላይ ነው?

ባሎች ሆይ፣ ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው የሚንከባከብ ሰው እርሷ የምትተነፍሰው አየርም ያሳስበዋል። «የጓዳ ጉዳይ የሴት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት አብራችሁ፦

1. የጽዳት ዕቃዎቻችሁን አውጡና አቼቶውን ከበረኪናው ለዩ፤ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ።

2. በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ አትገልብጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከልጆች እጅ በራቀ ከፍታ ላይ አኑሩት።

3. ለምታግዛችሁ ልጅ ሁለቱን ጠርሙሶች እያሳያችሁ በቋንቋዋ አስረዱ፤ መልሳ እንድትነግራችሁም ጠይቋት።

4. መጸዳጃ ቤቱን በዚህ ሳምንት አባወራው ይጠበው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ መግባታችሁንና መውጣታችሁን ይጠብቅ። አሜን።