ልጃችን ጣሊያን ደረሰ፤ ምን ብለን እንጠይቀው?



በየዓመቱ የመስከረምና የጥቅምት ወራት ሲመጡ ከየሰፈራችን አንዳንድ ወጣቶች ሻንጣቸውን ሸክፈው ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። መድረሻቸው ጣሊያን የሆነም አሉ። ቤተሰብ ሶደቃ ያወጣል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሸኛል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ስልክ ይጠብቃል። ልጁ ይደውላል፤ «ደህና ነኝ፤ አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። ቤተሰብም ተደስቶ ይተኛል። በዚህ ወር ዓምዳችን ልንመለከት የፈለግነው ከዚያ «ደህና ነኝ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የዓመቱን፣ አንዳንዴም የትምህርቱን ሁሉ ዕጣ የሚወስኑ ናቸውና።

ጣሊያን ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተዋግተናታል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርራ ቆይታለች። ቃላቷም በአፋችን ገብተዋል። ፌርማታ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ቦርሳ የምንለው ከእርሷ ወስደን ነው። ተማሪው አውቶቡስ መቆሚያ ላይ «ፌርማታ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ አገሩ ያለ ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ቃሉ ቢመሳሰልም አሠራሩ ሌላ ነው። እዚያ የወረቀት ቲኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ባለው መሣሪያ ማስመታት ያስፈልጋል። ያላስመታ ሰው ቲኬቱን በኪሱ ይዞ ሳለ እንዳልከፈለ ተቆጥሮ ይቀጣል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ለትልልቆቹም ምሳሌ ይሆናል። ያልጠየቀ ሰው ያወቀ እየመሰለው ይሳሳታል።

ስምንቱ የሥራ ቀናት

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ ቪዛ ይዞ ስለገባ ብቻ ነገሩ አላለቀለትም። በገባ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ማመልከቻው የሚገባው በፖስታ ቤት በኩል ነው። ቅጾቹን ከዚያ ወስዶ ይሞላል፤ የፓስፖርቱን፣ የቪዛውን፣ የጤና መድኑን፣ የምዝገባውንና የመተዳደሪያ ገንዘቡን ማስረጃ ያያይዛል፤ ቴምብር ይለጥፋል። የቴምብሩ፣ የካርዱና የፖስታው ክፍያ ሲደመር ከ100 ዩሮ ያልፋል። የሚሰጠውን ደረሰኝ እንደ ዓይኑ ብሌን ሊጠብቀው ይገባል። ካርዱ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ እስከዚያ ሕጋዊ መሆኑን የሚመሰክርለት ያ ወረቀት ነው። በቀጠሮው ቀን ደግሞ ኩዌስቱራ ወደሚባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሄዶ የጣት አሻራ ይሰጣል።

ሁለተኛው ኮዲቼ ፊስካሌ ነው። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 16 ምልክት ያለው የግብር መለያ ሲሆን፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ በነፃ ይሰጣል። ያለ እርሱ የቤት ኪራይ ውልም ሆነ የባንክ ሒሳብ አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ልጆች በተለይ የሚገጥም ነገር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችን፣ ከዚያም የአያታችን ስም ነው። ጣሊያኖች ቅጽ ላይ «ኮኞሜ» ብለው የሚጠይቁት ግን የቤተሰብን ስም ነው። ተማሪው በአንዱ ቅጽ የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ቢጽፍ፣ ወይም መሐመድ የሚለው ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በዲፕሎማው ሌላ ዓይነት ሆኖ በላቲን ፊደል ቢሰፍር፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ከአገር ሳይወጣ ወረቀቶቹን ማስተያየት፣ እዚያም ሁሉን ቦታ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፍ ይበጀዋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እነርሱ 9 ሰዓት ብለው የቀጠሩት በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በእኛ 9 ሰዓት የሚሆነው እነርሱ 15 ብለው የሚጽፉት ነው። የለመደውን አቆጣጠር ይዞ የሄደ ልጅ ቀጠሮው ካለፈ 6 ሰዓት በኋላ ይደርሳል።

ቤት፣ ሶላትና ምግብ

ቤት ፍለጋ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባዱ ፈተና ነው። አከራይ መያዣ ገንዘብ ይጠይቃል። «ውል ምን ያደርግልሃል? በርካሽ ላከራይህ» የሚልም አይጠፋም። ከ30 ቀን በላይ የሚቆይ የኪራይ ውል በ30 ቀን ውስጥ በግብር መሥሪያ ቤት መመዝገብ እንዳለበት ግን ሕጉ ያዝዛል። የተመዘገበ ውል የሌለው ተማሪ ከአከራዩ ጋር ቢጣላ መከራከሪያ የለውም፤ በብዙ ቦታም የነፃ ትምህርት አበሉ ሊቀንስበት ይችላል። ቤቱን ሳያይ ከአገር ቤት ሆኖ ገንዘብ መላክማ የባሰ ነው።

ወደ ሶላት ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ቂብላችን ወደ ሰሜን ነው፤ ሮም ላይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። በአገራችን የመግሪብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ሮም ላይ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በጁን ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። በክረምታቸው ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ ተቀራርበው ከክፍለ ጊዜው ጋር ስለሚገናኙ፣ ከትምህርቱ ሰሌዳ ጎን የሶላቱን ሰሌዳ ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ሳምንት ሊለመድ ይገባዋል።

ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመረቀ ትልቅ መስጂድ አለ። ከነደፉት መሐንዲሶች አንዱ ጣሊያናዊው ፓኦሎ ፖርቶጌዚ ነበሩ። በብዙዎቹ ከተሞች ግን ሙስሊሞች የሚሰግዱት ቀድሞ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም ሱቅ በነበረ ቤት ነው። ሚናራ እያየ የሚፈልግ ልጅ ላያገኘው ይችላል፤ ሰው የጠየቀ ግን ያገኘዋል። በጁሙዓ እዚያ የሞሮኮ፣ የግብፅ፣ የሴኔጋል፣ የባንግላዴሽ ወንድሞች ይጠብቁታል። ሐላል ሥጋ የት እንደሚሸጥ፣ የትኛው አከራይ ታማኝ እንደሆነ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት በየትኛው ቀን እንደሚከፍት ከእነርሱ ይሰማል።

ምግብን በተመለከተ ሦስት ቃላት ከመሄዱ በፊት ይያዙለት። «ማያሌ» እና «ስዊኖ» አሳማ ማለት ናቸው፤ «ስትሩቶ» የአሳማ ስብ ነው፤ በአንዳንድ ዳቦና ብስኩት ውስጥም ይገባል። እዚህ ቤታችን ፓስታ በሥጋ ስንበላ ሥጋው የምን እንደሆነ አንጠይቅም፤ ቦሎኛ ላይ ግን የተለመደው የፓስታ ሥጋ ወጥ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። ይህ ማለት ልጁ ይራባል ማለት አይደለም። ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ ባቄላው፣ አትክልቱ ሞልቷል። በጾም የሚያልቅ ፊት የሚታየው ብዙውን ጊዜ መጠየቅ ባፈረ ልጅ ላይ ነው።

የአንድ ጥያቄ ክብደት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ልጁ ከላይ ያየነውን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ ሳለ ከቤት የሚመጣለት ጥያቄ ምንድን ነው? በብዙ ቤት «ሥራ አገኘህ? መቼ ነው የምትልከው?» የሚል ነው። ቤተሰብ ይህን የሚለው በክፋት አይደለም። ለቲኬቱ ተበድሯል፤ የእናት ወርቅ ተሸጧል፤ ታናናሾች አሉ። ውጭ የሄደ ሁሉ ገንዘብ ያፍሳል የሚለው ወሬም ከጆሯችን አልወጣም።

እስኪ ጥያቄው የሚያስከትለውን በቅደም ተከተል እንመልከት። በጣሊያን ቦርሳ ዲ ስቱዲዮ የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጥ አበል አለ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚኖረው ይዞት በሄደው ነው። የተማሪ ፈቃድ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራትን አይፈቅድም። «ላክ» የተባለ ልጅ ግን 20ው ሰዓት ስለማይበቃው ያለ ውል፣ በሌሊት፣ በተሰጠው ዋጋ ይሠራል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ቀጥሎም መቅረት ይጀምራል።

እዚያ የዓመቱ ትምህርት በ60 ክሬዲት ይለካል፤ ፈተና ከ30 ይታረማል፤ ማለፊያው 18 ነው። ብዙው ፈተና በመምህሩ ፊት ተቀምጦ በቃል የሚመለስ ነው። ያላነበበ ሰው መደበቂያ የለውም። አበሉን ያገኘ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስከተወሰነው ቀን የተወሰነ ክሬዲት ካላመጣ ቀሪው ይቀርበታል፤ የወሰደውንም መልስ ሊባል ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስም በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ አንድ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ፈተና ማለፉን ማሳየት አለበት። ፈተና ያላለፈ ልጅ ፈቃዱን ያጣል፤ ፈቃዱን ያጣ ልጅ ትምህርቱን ያጣል። ቤተሰብ በመጀመሪያው ወር 50 ዩሮ ፈልጎ የ5 ዓመት ፍሬ አጣ ማለት ነው። ልጁም ይህን ሁሉ ለመናገር ስለሚያፍር በየሳምንቱ «ደህና ነኝ» ማለቱን አያቋርጥም።

ከዛሬ 800 ዓመት በፊት የሆነን አንድ ነገር እናስታውስ። ፒሳ የምትባለው የጣሊያን ከተማ ተወላጅ የሆነ አንድ አባት፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ በምትገኘው በቢጃያ ወደብ ለአገሩ ነጋዴዎች የጉምሩክ ሥራ ይሠራ ነበር። ልጁን ወደዚያች የሙስሊሞች ከተማ አስመጣውና ለንግድ ሥራ ሳያቻኩለው፣ በቅድሚያ ሒሳብ እንዲማር አደረገው። ያ ልጅ ሊዮናርዶ ፊቦናቺ ነበር። የሕንድን ዘጠኝ ቁጥሮችና ዐረቦች ሲፍር የሚሉትን ዜሮ እዚያ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው መጽሐፍም በሮማውያን ቁጥር ይሠሩ ለነበሩት ወገኖቹ አስተዋወቀ። የእርሱም ትምህርት የተጀመረው በባዕድ ከተማ፣ በማያውቀው ቋንቋ መካከል ነበር። አባቱ «ምን አተረፍክ?» ከማለቱ በፊት «ምን ተማርክ?» በማለቱ ትርፉ ለሕዝብ ተረፈ።

ዛሬ መንገዱ ተገልብጦ የእኛ ልጆች ወደዚያ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1222 በተቋቋመው በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ለዘመናት ከሕክምና መማሪያዎች አንዱ የኢብኑ ሲና አል-ቃኑን ነበር። ልጃችን አንገቱን ሊደፋ አይገባውም። ዕውቀት ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲሻገር የኖረው በሚጠይቁ ሰዎች አማካይነት ነው።

ታዲያ ምን ብለን እንጠይቀው?

የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄያችን «ፖስታ ቤት ሄድክ? ደረሰኙን ተቀበልክ?» ይሁን። ሁለተኛው «የቤቱ ውል ተመዘገበ?» ሦስተኛው «ጁሙዓ የት ሰገድክ? ከማን ጋር ተዋወቅክ?» አራተኛው «ዛሬ ምን በላሽ? ማን አብሮሽ በላ?» እህትም ትሂድ ወንድም፣ ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም በላይ እውነቱን ታወጣለች። ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ አባት ራሱ ቀድሞ «ልጄ፣ በዚህ ዓመት ከአንተ የምንፈልገው ፈተናህን ነው፤ ዕዳው የእኛ ነው» ይበለው። ይህ ቃል ከምንልክለት ብርድ ልብስ ይበልጥ ያሞቀዋል።

እናንተም ወጣቶች! እናታችሁ «ደህና ነህ ወይ?» ስትላችሁ ሐዘኗን ፈርታችሁ እውነቱን አትሸሽጉ። «እማ፣ ደህና ነኝ፤ ግን ቤት አላገኘሁም» ማለት ነውር አይደለም። መፍትሔ የሚያውቅ ሰው ከሰፈራችን ሊገኝ የሚችለው ችግሩ ሲነገር ነው። በዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ተማሪውን ለመርዳት የተቋቋመ ነው፤ በሩን አንኳኩ። በመስጂድም ሰላምታ ሰጥታችሁ ብቻ አትውጡ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።

አላህ በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ዕውቀታቸውንም የሚጠቅም ያድርግላቸው። አሚን።